አደስ የገባበት ቅቤ

አማቴ እማ ዘይቱና የማሰሮውን አፍ የደፈነውን ጭቃ በቢላ ጫፍ ይፈቀፍቃሉ። ወንድሜ ኢብራሂም በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል። ሊወስደኝ ነው የመጣው።

ቅቤው ለጠጉሬ ነው። ባሌ ማሕሙድ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን በተጫነ ሰሞን፣ ሲመለስ እንድቀባው ብለው አማቴ አዘጋጁት። በኮሰረት አነጠሩት፤ አደስና ቅርንፉድ ወቅጠው ጨመሩበት፤ ከዚያ ከእንስራው ሥር፣ እርጥቡ አፈር ውስጥ ቀበሩት። እሱ እስኪመጣ ጠጉሬን ቅቤ አላስነካም ያልኩት ግን እኔው ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

ወንድሞቼ መጀመሪያ ሊወስዱኝ የመጡ ቀን እማ በሽማግሌ ፊት ቃል አስገቧቸው። «ይህ ቅቤ የከረፋ ቀን ውሰዷት። እስከዚያ የልጄ ሚስት ናት።» ወንድሞቼ በሆዳቸው ሳቁ። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ቅቤ ስንት ወር ሊቆይ ነው? አደስ የሚሠራውን ሥራ ወንድ ከየት ያውቃል! በመጡ ቁጥር ማሰሮው ይከፈታል፣ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል፣ እነሱም ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ያኔ የእማ ሳቅ እስከ ጎረቤት ይሰማ ነበር።

ዛሬ አይስቁም። ከማሕሙድ ጋር የተጫነው ጀይላን ባለፈው ሳምንት በክራንች ተመልሷል። እማ ስለ ልጃቸው ሲጠይቁት መሬት መሬቱን አየ። እንዲህ ሆነ ብሎ የነገረን የለም፤ ቀበሌውም ትንፍሽ አላለም። ለቅሶ አልተቀመጥንም።

«እትዬ ዘይቱና፣» ይላል ኢብራሂም፣ «የጀውሃው ባለሱቅ ሊያገባት ቆርጦ መልስ ይጠብቃል። ካልከረፋ ግን ቃላችን ቃል ነው። ከቃል የወለዱት ይጥፋ ይባል የለ…»

ምላሱን ቢውጠው ይወዳል። የቢላው ጫፍ ጭቃው ላይ ለአፍታ ይቆማል፤ ከዚያ ይቀጥላል።

ክዳኑ ይነሳል። ያ ሽታ ይወጣል፤ አደሱም፣ ቅርንፉዱም፣ ሁሉም እንዳለ ነው። የሠርጌ ዋዜማ ቤታችን እንዲህ ነበር የሚሸተው። አንዳንድ ሌሊት፣ ምነው ከርፍቶ በተገላገልኩ የምለው እኔ፣ አሁን ደስ ይለኛል። ወላሂ፣ ደስ ይለኛል። ኢብራሂምም ሸትቶታል። ኮፍያውን ጭንቅላቱ ላይ ይመልሳል፤ ብቻውን ሊሄድ ነው።

እማ ጣታቸውን ቅቤው ውስጥ ነክረው ወደ አፍንጫቸው ያስጠጋሉ። እንደዚያው ይቆያሉ።

«ከርፍቷል» ይላሉ።

ኢብራሂም አፉን ከፍቶ እኔን ያያል። እኔ እሳቸውን አያለሁ።

«እማ፣ ደህና ነው እኮ! ይኸው ይሸተኛል…»

«ከርፍቷል አልኩ! ዕድሜ ልኬን ቅቤ ሳነጥር የኖርኩትን ሴትዮ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?» ቁጣቸው የእሳቸው አይመስልም። ከዚያ ድምፃቸው ይወርዳል። «ሂጂ ልጄ። ቃዲው ዘንድ እኔው ራሴ ቀርቤ እመሰክራለሁ። ገና ልጅ ነሽ። ጠጉርሽ ደረቀ።»

ምን ብለው እንደሚመሰክሩ አልጠይቃቸውም። እግራቸው ላይ ተደፍቼ ጉልበታቸውን እስማለሁ፤ በንጹሕ እጃቸው ያነሱኛል። ማልቀስ እፈልጋለሁ፤ ግን ካለቀስኩ ለቅሶው መጀመሩ ነው። ኢብራሂም አንገቱን ደፍቶ ጓዜን ይሸከማል።

በሩ ጋ ስደርስ ዞር እላለሁ። እማ ማሰሮውን አልደፉትም። ጣታቸውንም አልጠረጉም። አፍንጫቸው ሥር እንደያዙት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሽታውን በረጅሙ ወደ ውስጥ ይስባሉ።