ወራጅ ነኝ

ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ ሲወረድ ጠሪ ገደል የሚሉት ጠመዝማዛ አለ። ጭነት የያዘ ወራጅ እዚያ ከመግባቱ በፊት «ወራጅ ነኝ» ብሎ መጮኽ አለበት፤ ወጪው ይህን ሲሰማ ጥግ ይዞ ይቆማል። ሳይጠራ የገባ የደም ዕዳ አለበት። ተጠርቶ ያልቆመም ደሙ በገዛ ራሱ ላይ ነው። የመንገዱ ሕግ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።

አንድ ሐሙስ ማለዳ ነጋዴው ዘይኑልአቢዲን ገብስ ጭኖ ሲወርድ፣ በቅሎው ጣሰው ከሚባል መንገደኛ በቅሎ ጋር እዚያ ላይ ግንባር ለግንባር ተላተመች። ጣሰው ከነበቅሎው ገደል ገባ። የራስ ቅሉ ተፈርክሶ፣ አንድ እግሩ ከጉልበቱ ተገንጥሎ ነበር። ወንድሙ ወልደተንሣኤ በኩታው ለቃቅሞ ነው ያወጣው።

ነገሩን እንዲያጣራ ዳኛ ኪዳነ ማርያም ከአንኮበር ወረደ። ቁጡ ነው፣ ግን ጠንቃቃ ነው። የንጹሕ ደም በእጄ እንዳይቀር ብሎ የፈረደው ሞት በሚፈጸምበት ቀን እህል አይቀምስም።

ከሳሽና ተከሳሽ እንደ አገሩ ወግ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ቀረቡ። ወልደተንሣኤ አብሮት የታሰረውን ሰው ሲደቁስ ነበር የከረመው፤ የነጋዴው አንድ ዓይን አብጦ ተደፍኗል።

«ወላሂ፣ ጠርቻለሁ» አለ ዘይኑልአቢዲን። «ጉሮሮዬ እስኪነቃ ነው የጠራሁት።»

«ይዋሻል» አለ ወልደተንሣኤ። «ወንድሜ ጥሪ ሰምቶ የሚገባ ቂል አልነበረም። ደሜን እንጂ ካሳ አልሻም።»

ዳኛው ኮቴውን መረመረ፤ ድንጋይ ላይ የደረቀውን ደም በጣቱ ፋቀ። ኮቴ ግን ተጠርቶ እንደሆነ አይናገርም። ከጠመዝማዛው አናት ላይ በሰለች የሚሏት አሮጊት ጎጆ አለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ ቃሏ የታመነ ስለሆነ በአገሩ «በሰለች ካለች አለች ነው» ይባልላታል።

ደጃፏ ላይ «ቤቶች» ቢሉ መልስ አጡ። ጓሮ ሲዞሩ ምስር ስትለቅም አገኟት፤ ያ ሁሉ ሰው ሲመጣባት ደንግጣ ተነሣች። ዳኛው አስቀምጧት ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«እሜቴ፣ ያን ለት ማለዳ የት ነበሩ?»

ዓይኗን ከአፉ ሳትነቅል አስጨረሰችው።

«እዚሁ። ከዚች ድንጋይ አልተነሣሁም።»

«ወራጅ ነኝ የሚል ሰምተዋል?»

«አልሰማሁም፣ ጌታዬ።»

«የሰው ነፍስ ነው ያለበት። ይማሉ?»

«ንጉሥ ይሙት፣ አንዳች ድምፅ አልሰማሁም።»

ዘይኑልአቢዲን ከኋላዋ ተንበረከከ። «እናቴ፣ ልጆች አሉኝ። ኧረ እባክዎ ያስታውሱ» ሲል ለመናት። ዞር ብላም አላየችው። ኪዳነ ማርያም እንዲህ ያለ ጭካኔ ከአሮጊት አልጠበቀም ነበር፤ ታዘባት።

ግን አልረካም። ሎሌውን ገብረአብን ወደ ጠመዝማዛው ልኮ አስጮኸው፤ እሱ እዚያው ጓሮ ቆሞ ጆሮውን ሰጠ። ጥሪው ጥርት ብሎ መጣ፤ ቁራ አስነሣ። ከሳሽም ተከሳሽም ሰሙት። ዘይኑልአቢዲን ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመረ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለ ዳኛው፤ ሞት ፈረደ።

ፍርዱ ከላይ ጸንቶ ሲመለስ የሟች ዘመዶች ነጋዴውን እየጎተቱ ከበሰለች አጥር ጥግ ካለች ወይራ ጋር አሰሩት። ሚስቱ አሲያ እግራቸው ላይ ብትወድቅ አንዱ በጦሩ እጀታ አፏን ብሎ ጥርሷን አረገፈው። ኪዳነ ማርያም እህል ሳይቀምስ መጥቶ ነበር፤ ፊቱን አዞረ። ፍርድ ግን ፍርድ ነው።

ወልደተንሣኤ ሰናድር ጠመንጃውን በነጋዴው ደረት ላይ ደግኖ ተኮሰ። አንዱ አልበቃውም፤ ጥይት አጉርሶ፣ የሚንፈራገጠውን ሰው ጭንቅላቱን ደገመው። በቅሎዎች ገመድ በጥሰው ፈረጠጡ። ገደሉ የተኩሱን ጩኸት እየተቀባበለ ሲያስተጋባው፣ ከማዶ መንደር ሰው ምን ጉድ መጣ እያለ ወጣ።

ዳኛው ሬሳውን ማየት አቃተውና አጥሩን ዞሮ ወደ ጓሮ ገባ። በሰለች ጀርባዋን ሰጥታ ምስር ትለቅማለች። ትከሻዋን ቢነካት ክው ብላ ቀና አለች፤ አፍ አፉን አየችው።

«ጌታዬ» አለች፣ «ሰውየውን እስካሁን አልገደላችሁትም?»