ሰባት ከአስር

ወንበር ላይ ወጥቼ የላይኛውን መደርደሪያ በቀኝ እጄ እበረብራለሁ። ግራ እጄ፣ ጡቴ ከተቆረጠ ወዲህ፣ ከትከሻዬ በላይ አልነሳ ብሏል፤ ስለዚህ ይህ መደርደሪያ የታናሽ እህቴ ነው። ምን እንደምታስቀምጥበት ጠይቄያት አላውቅም። አብሮ የሚኖር ሰው መደርደሪያ ይጠየቃል እንዴ?

ጠዋት ሐኪሙ የደሜን ውጤት ሁለት ጊዜ አንብቦ መነጽሩን አወለቀ። “የካንሰሩ መድኃኒት ደምዎ ውስጥ ግማሹም የለም። ሰውነትዎ ቶሎ ቶሎ እያስወገደው ነው። እንዲህ የሚያደርጉ ቅጠላ ቅጠሎች አሉ፤ የሚወስዱት ነገር አለ?” አለኝ። ተቆጣሁ። “እህቴ ትሙት! ከእርስዎ ክኒን በቀር በአፌ የዞረ የለም” አልኩት። የቀረው ዕጢ ማደግ አለማደጉ ሐሙስ በምርመራ ይታያል ብሎ ሸኘኝ። ሻዩ ትዝ ያለኝ መንገድ ላይ ነው።

ሁለት ወር ሙሉ፣ በየጠዋቱ፣ ሻይ የምታፈላልኝ እሷ ናት። መረር ይላል። “ዝንጅብል በዝቶበት ነው” ትለኛለች።

እጄ አንድ ካርቶን ያገኛል። ውስጡ የታጠፉ ትንንሽ ነጭ ወረቀቶች አሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ ቀን ተጽፏል። አንዱን እፈታዋለሁ፤ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ዱቄት ነው። አስተጣጠፉን አውቀዋለሁ። ላቦራቶሪ ውስጥ ዱቄት መዝነው የሚቋጥሩት እንዲህ ነው። ተማሪ ሳለች የምትለማመድበትን ወረቀት ከልብስ ንድፌ እየቆረጥኩ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ከወረቀቶቹ ሥር ደግሞ ደብተር አለ።

እዚያው ወንበሩ ላይ እንደቆምኩ አነባለሁ።

“ቀን 4፦ ከአልጋ አልተነሳችም። 1 ከ10።”

“ቀን 19፦ ሻሽ አስራ ሱቅ ሄደች። 4።”

“ቀን 31፦ ሳቀች። 7። ለራሷ ቢጫ ጨርቅ ቆረጠች።”

ቀን ሠላሳ አንድን እንዴት እረሳዋለሁ? አንዲት ደንበኛዬ ቀሚሴን አጥብበሽ ሰፋሽው ብላ ግማሽ ሰዓት ስትጮህብኝ ቆይታ፣ የለበሰችው የልጇን ሆኖ ተገኘ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ከታመምኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ለእህቴ ስነግራት አብራኝ ሳቀች፤ አቀፈችኝም። ከዚያ ጨለማ ራሴን በራሴ ጎትቼ የወጣሁ መስሎኝ በልቤ ኮርቼ ነበር። ለካ እሷ አቅፋኝ ሄዳ ሰባት ጽፋልኛለች።

በሩ ይከፈትና ትገባለች። ከቅጥነቷ የተነሳ ከልጅነቷ ጀምሮ ጭራሮ ነው የምላት።

“እታለም! ምን ልታወርጂ ነው? ትወድቂያለሽ እኮ!”

“ወድቄያለሁ፣ ጭራሮ።”

ደብተሩን ስታይ ፊቷ አመድ ይመስላል።

“ላስረዳሽ…”

“ጠይቀሽኝ ነበር። ‘የምንመራመርበት ቅጠል ለድባቴ ተስፋ አለው፣ ልስጥሽ?’ ብለሽኝ ነበር። ምን አልኩሽ?”

መሬት መሬቱን ታያለች። “‘አይጥሽ አይደለሁም’ አልሽኝ።”

“እና?”

“ግድግዳ ስታዪ ነበር የምትውዪው። እህል አልቀምስ አልሽ። ካንሰሩ ሳይደርስ በዚያ የምትሞቺብኝ መሰለኝ። አይጦቹ ላይ ሠርቶ ነበር፣ እታለም።”

“አይጦቹ ይስቁ ነበር?”

የቦርሳዋን ማንገቻ ትጠመዝዛለች።

“የካንሰር ክኒን የምትውጥ አይጥስ ነበረቻችሁ?”

“አልነበረችም” ትላለች በቀስታ። “ለምን ጠየቅሽኝ?”

ሐኪሙ ያለኝን እነግራታለሁ። ቦርሳዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ ይወድቃል። አታነሳውም።

“እኔ ያየሁት ስሜትሽን ብቻ ነው… ክኒኑን ይነካዋል ብዬ አላሰብኩም… በእናታችን…”

“እናታችንን ተያት። እኔ ዛሬ በአንቺ ምያለሁ። ‘እህቴ ትሙት’ ብዬ ምያለሁ።”

እናታችን ስትሞት ጭራሮ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የሰውን ቁምጣ እየጠጋገንኩ ነው ለላቦራቶሪው ነጭ ጋዋን ያበቃኋት። ሐሙስን እፈራለሁ፤ አልዋሽም። አሁን አንጀቴን የሚያሳርረው ግን ሳቁ ነው። የትኛው የእኔ እንደነበር፣ የትኛው የዱቄቱ እንደነበር ማን ይነግረኛል?

“ግን እኮ ሳቅሽ” ትለኛለች እያለቀሰች። “የምር ነበር የሳቅሽው።”

ከወንበሩ እወርዳለሁ። ከፔርሙዙ ሙቅ ውኃ በብርጭቆ እቀዳለሁ። የነገ ቀን የተጻፈበትን ወረቀት ፈትቼ እገለብጥበታለሁ፤ አማስዬ ፊቷ አኖረዋለሁ።

“ጠጪ።”

ታየኛለች። ቀልድ ፍለጋ ፊቴን ታስሰዋለች፤ የለም። ትቀመጥና ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ሳትተነፍስ ትጨልጠዋለች። ምሬቱ ፊቷን ያጨማድደዋል። እኔ ግን ለምጄዋለሁ።

በሩ ጀርባ ቢጫው ቀሚስ በስፒል እንደተያያዘ ተንጠልጥሏል፤ እጅጌው ገና አልገባም። ወንበሩን ስቤ ፊት ለፊቷ እቀመጣለሁ። ደብተሩን ባዶ ገጽ ላይ ከፍቼ “ቀን 1” ብዬ እጽፋለሁ። ከዚያ እስክሪብቶውን እንደያዝኩ ፊቷን እያየሁ እጠብቃለሁ።