በመስፈሪያው ቀንድ ውስጥ የነበረው ሰም

«በግራ እጄ ስሰጥህ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አሉ የኡመይር አጎት፣ የባሩድ መስፈሪያውን ቀንድ እያቀበሉት። ቀኝ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ጉንጫቸውን ባሩድ ለብልቦታል። ሊጠይቋቸው የመጡት ጎረቤቶች ምንጣፉ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ኡመይር ቀንዱን ተቀበለ እንጂ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ጠመንጃህን ተውሼ ጉድ ሠራሁህ» አሉት። «ከርከሮ በቆሎዬን ሲፈጅብኝ ጊዜ ባሩዱን በዚሁ በአባትህ ቀንድ፣ ልክ እንደሱ ጢም አድርጌ ሰፈርኩ። ድቡልቡሏን እርሳስ በአፈሙዙ ጠቅጥቄ ተኮስኩ። በእጄ ላይ ፈነዳ። አንድ ያበላሸሁት ነገር ቢኖር ነው።»

ኡመይር ቀንዱን ወደ በሩ ብርሃን አዘንብሎ ውስጡን አየ። እስከ ጫፉ ባዶ ነበር። ከማዋሱ በፊት ሥሩ ላይ የደረቀውን ሰም ቆሻሻ መስሎት በወስፌ ፈልፍሎ ያወጣው እሱ ነው፤ ንጹሕ ዕቃ ላውሳቸው ብሎ። አሁን ገባው። ሟቹ አባቱ ሰሙን ያፈሰሱት፣ ቀንዱ ጢም ብሎ ሲሞላ ባሩዱ ከልኩ እንዳያልፍ ነበር። ያለ ሰሙ እጥፍ ይይዛል።

«አጎቴ፣ እርስዎ እኮ ምንም...» ብሎ ጀመረ።

«ተወው ልጄ፣ አንተ ምን አጠፋህ!» አሉና ደህናውን እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። ቤቱ ሁሉ እጁን ዘረጋ። ኡመይርም ቀንዱን መዳፉ ውስጥ እንደያዘ ዘረጋ።

«አላህ ጥፋቴን ይቅር ይበለኝ» አሉ አጎቱ።

ከሁሉም ጎልቶ «አሚን» ያለው እሱ ነበር።