ራሷን የሰጠችው አቆስጣ

አቆስጣዋ፣ ያቺ ጠጉራም የውሃ አውሬ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ቀዳዳውን ሳተችው። መረባችንን ከምንጎትትበት የሐይቁ በረዶ ቀዳዳ ዓሣ በአፏ ነክሳ ብቅ ብላ ነበር፤ አሁን መመለሻው ጠፍቷታል። ወደ ግራ ትዞራለች፣ አሁንም ወደ ግራ ትዞራለች፣ ከዚያ በጎኗ ትወድቃለች። ዓሣውንም ጥላዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ ዓሣ እያደነች ውሃ ውስጥ የኖረች አውሬ፣ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ውሃ አጣች! ጉድ እኮ ነው።

"ሰክራለች" አለ ባሌ አልፎንስ እየሳቀ።

"ከወንድምህ ጋር ስትጠጣ አድራ ነዋ" አልኩት።

ሳቅን። ወዲያው ሳቁ መረረኝ። ሱቅ ውስጥ አልፎንስን የሚሉት ይህንኑ ነው። ሲንገዳገድ ያዩና "መጣ ደግሞ ሰካራሙ" ይላሉ። ልጃችን ከተወለደች ጀምሮ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ጠብታ አልቀመሰም! የሚያንገዳግደው የበላው ዓሣ ነው። በበጋ እንግዶችን በጀልባ እየወሰደ ዓሣ ያስጠምዳቸው ነበር፣ ምሳውንም እዚያው ዳር ላይ እየጠበሰ አብሯቸው ይበላል። ከወንዙ በላይ ያለው የወረቀት ፋብሪካ ውሃው ውስጥ መርዝ ሲደፋ መኖሩን የመንግሥት ሰዎች የነገሩን ገና ባለፈው ዓመት ነው። "ዓሣ አትብሉ" አሉን፣ አፋቸውን ሞልተው። ምን እንድንበላ ግን አልነገሩንም። ይኸው ዛሬም መረብ እንጎትታለን።

"ጆዜት፣ ዱላውን አቀብዪኝ" አለ። አሁን አይስቅም። "አልሸሸችም እኮ። ራሷን እየሰጠችኝ ነው።"

እኛ ዘንድ፣ አውሬ ሳይሸሽ ፊትህ ከቆመ ራሱን ሰጥቶሃል ማለት ነው። በአንድ ምት ትገድለዋለህ፣ ትምባሆ በላዩ በትነህ ታመሰግነዋለህ። ካሠቃየኸው ዘመዶቹ ዳግመኛ ወዳንተ አይመጡም። አልፎንስ የበረዶውን ወራት ሙሉ አንድም የአውሬ ቆዳ ይዞ አልገባም። እውነቱን ልናገርና፣ እኔም በልቤ አበቃለት ብዬ ነበር። እሱም ይህን ያውቃል።

"ታማለች አልፎንስ። የምትበላው እኛ የምንበላውን ነው።"

"ለኔ ነው የመጣችው አልኩሽ!"

ሰነዘረ። ዱላው በረዶውን ፈነቀለው፤ እሷ ከጎኑ ነበረች። ደገመ። አሁን የኋላ እግሯን አገኛት፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። እንደ ሕፃን ጮኸች። ብትሸሽ ምን ነበረበት! አልሸሸችም፤ የተሰበረውን እግሯን እየጎተተች ያንኑ ክብ ትዞራለች፣ ወደ ግራ።

"ስጠኝ! እኔ ልገላግላት!"

"ዞር በዪ!"

ሦስተኛው ምት እሱኑ ይዞት ወደቀ። በሆዱ ተዘረረ። ፊቱና ፊቷ በስንዝር አይራራቁም። የሁለቱም አንገት ይንቀጠቀጣል፣ የሁለቱም ዓይን እንደ ፈጠጠ ነው። ንዴት ያዘኝ። ማንን እንደምሰድብ እንኳ አላውቅም። ዱላውን ከወደቀበት አንስቼ አናቷን አልኳት። አንዴ በቃ።

"መታኋት?" አለ አልፎንስ፣ ከተኛበት ሳይነሳ።

አፍንጫው ስር ተዘርራ እኮ ነው። የዓይኑም ብርሃን መሄዱን አልነገረኝም ነበር። ስንት ጊዜ ይሆን አብሮኝ ሲቀመጥ ያየኝ የመሰለኝ?

"መታሃት" አልኩት። "ሞታለች።"

ፊቱ ሲበራ አየሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ! በጉልበቱ ተነሳና ጓንቱን በጥርሱ አወለቀ፣ ከኪሱ ትምባሆ ቆነጠረ። ግማሹ ከጣቶቹ መሃል ፈሰሰ። አባቱ ያደርገው እንደነበረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እህቴ፣ ስለመጣሽልኝ አመሰግንሻለሁ። ስላሠቃየሁሽ ይቅር በዪኝ" እያለ፣ እሷ በሌለችበት ባዶ በረዶ ላይ እጁን ዘረጋ።

ድምፅ ሳላሰማ በእግሬ ገፋ አድርጌ እጁ ስር አደረስኳት።