ለአምስት ሰው የተሰናዳ ጠረጴዛ

«ያንተ ያለ ሽንኩርት ነው የተሠራው... አይዞህ ብላ!»

አስተናጋጇ እንዲህ ስትለው የሊፍት ጥገና ሠራተኛው ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ።

ምክንያቱም... እዚህ ምግብ ቤት በሕይወቱ ገብቶ አያውቅም!

ሽንኩርት አልበላም ማለቱ ቀርቶ፣ ገና ምንም አላዘዘም።

ቅዳሜ ቀትር ነው። ከሁለት ወር በፊት የሞቱትን የአባቱን ኪራይ ቤት ከሚስቱና ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር ሲያጸዳ አርፍዶ፣ ቁልፉን ለአከራዩ አስረከበ። ልጆቹ ራበን ራበን ሲሉት መንገድ ተሻግረው ያገኙት ቤት ዘው አሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ምግቡ ደግሞ ጣት ያስቆረጥማል!

«እንዴት ያለ መስተንግዶ ነው! ቤታችን ያለን መሰለኝ እኮ» አለች ሚስቱ።

አስተናጋጇ ተመልሳ መጥታ ከመስኮቱ ዳር አስነሳቻት። «እዚህ ንፋስ አለ እህቴ፣ አንገትሽን ያምሻል።»

የሚስቱ ፈገግታ ጠፋ። አንገቷን እንደሚያማት ከቤተሰብ ውጪ ማን ያውቃል?

ለትልቋ ልጅ ማንኪያዋን በግራ በኩል አስቀመጠችላት... ልጅቷ ግራኝ ናት።

«አባዬ» አለች ትንሿ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኛ አራት ነን አይደል? ሳህኑ ለምን አምስት ሆነ?»

ቆጠረ። እውነትም አምስት!

ወደ በሩ የዞረው ወንበር ፊት ትኩስ ምግብ ቀርቧል። ወንበሩ ላይ ግን ማንም የለም።

ከዚህ በኋላ ምግብ ለማን ይዋጥለታል?

«እህቴ... ስለ እኛ ማን ነገረሽ?»

ሳቀች። «እንዴ! አባባ ናቸዋ! ፎቷችሁን ስንቴ አሳይተውኛል፤ የእያንዳንዳችሁንም ነገር አጫውተውኛል፤ ገና በር ላይ ለየኋችሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ለአምስት ሰው ያስይዛሉ። በሩን እያዩ ይቀመጡና ላንተ ይደውላሉ... ከዚያ ስልኩን ዘግተው፣ ‹በልተዋል› ይሉኛል። ብቻቸውን ይበላሉ። አሁን ሁለት ወር ቢጠፉብንም ጠረጴዛቸውን ለሌላ አልሰጠንም።»

እውነቷን ነው፤ አባቱ በየቅዳሜው ቀትር ይደውሉ ነበር።

«ምሳ በላችሁ ወይ?» ይሉታል።

እሱ ሥራ ላይ ሆኖ፣ «በልተናል አባዬ!» ብሎ ይዘጋል። አብዛኛውን ቀን እኮ አልበላም... ለመገላገል ነው።

ጠረጴዛ ይዤ እየጠበቅኳችሁ ነው ብለው አንድ ቀን እንኳ አልነገሩትም። ልጄን ከሥራው አላስነሳም ብለው ነዋ!

«ለመሆኑ አባባስ?» አለች አስተናጋጇ በሩን እያየች። «እናንተ በመጣችሁበት ቀን እሳቸው ይቅሩ?»

ማንኪያውን አስቀመጠ። መሞታቸውን ሚስቱ ናት እያለቀሰች የነገረቻት።

ከመውጣቱ በፊት ስልኩን አውጥቶ የምግብ ቤቱ ገጽ ላይ ይህን ጻፈ፦

«ምግቡ ይጣፍጣል። ሰዎቹ ደግሞ ከዘመድ ይበልጣሉ። ቅዳሜ ቀትር ከቤተሰብ ጋር ሂዱ። አባት ያላችሁ፣ አባታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ሦስት ዓመት ዘግይቼ ደረስኩ።»

ወዳጆቼ... ብዙ ወላጅ «ናፈቃችሁኝ» ማለት ያፍራል። «በላችሁ ወይ?» ብሎ ነው የሚደውለው። «በልተናል» ብላችሁ ከመዝጋታችሁ በፊት፣ «እናንተስ የት ናችሁ?» በሏቸው።

እስቲ ንገሩኝ... ወላጆቻችሁ ለመጨረሻ ጊዜ ሲደውሉላችሁ ምን ብላችሁ ዘጋችሁ?

ኮመንት ላይ ጻፉት። እኔ የራሴን ለመጻፍ አፍሬያለሁ...