የሞይሙና ምላስ

ቱኒ ኩባያውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ ትጨልጣለች። ሲያልቅባት የባዶውን ኩባያ አፍ ትልስና ትጮኻለች። ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ተቅማጡ ከትናንት ጀምሮ ሲያጣድፋት ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ገብተዋል።

«እሰይ፣ የኔ ጀግና! ከጠጣችማ ምን ትሆናለች!» አያቷ ሞይሙና ሌላ ልትበጠብጥላት ብድግ ትላለች።

አንድ ማሰሮ የፈላ ውሃ፣ በሦስት ጣት የተቆነጠረ ጨው፣ አንድ እፍኝ ጥቁር ስኳር። ድሮ፣ አዲስ ሙሽራ ሳለች፣ ቤት ለቤት እየዞረች እናቶችን የምታስተምር ሴት ናት ያሳየቻት። ተቅማጥ ውሃውን ብቻ የሚወስድ እንዳይመስልሽ፣ የገላን ጨውም ጠርጎ ነው የሚሄደው ብላታለች፤ አንዱ ያለ ሌላው አይመለስም። ሞይሙና ሦስት ልጆቿን በዚህ ከሞት አፍ መልሳለች። የመንደሩ እናቶችም ልጅ ሲታመምባቸው ወደ እሷ ነው የሚሮጡት።

ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደው ጀልባ ጭቃ ላይ ተቀምጧል። ባሕሩ ሸሽቶ ቦዩ ደርቋል፤ ውሃው እስኪመለስ፣ እስከ አሥር ሰዓት፣ ጀልባው ንቅንቅ አይልም። የልጅቷ አባት ኢድሪስ ደግሞ ሩቅ አገር ጡብ ያቃጥላል። እስከዚያ ቱኒን በሕይወት ማቆየት የሁለት ሴቶች፣ የአያቷና የእናቷ ሥራ ነው።

ቱኒ ግን በጠጣች ቁጥር ይብስባታል። ምላሷ ደርቆ ከላንቃዋ ይጣበቃል፤ ገና ሲነኳት ትነጫነጫለች፤ እጇ እየተንቀጠቀጠ ኩባያውን ትሻማለች። ከሦስቱ ልጆቿ አንዱም እንዲህ ያለ ጥም አልያዘውም ነበር። ሞይሙና ፈርታለች፤ ፍርሃቷ እንዳይታወቅባት ትቆጣለች።

«ምን ትገተሪያለሽ አንቺ? እሳቱን አንድጂ እንጂ!»

ምራቷ ፓሩል ኩባያው ውስጥ የቀረችውን ጭላጭ በጣቷ ነክታ ትቀምሳለች። ወዲያው ትተፋዋለች።

«እማ፣ ይሄ እኮ ጨው ነው!»

«ደግሞ ጀመረሽ!»

ፓሩል ከጄሶር፣ ከባሕሩ ርቆ ካለ አገር ነው የተዳረችው። ከሠርጓ ማግስት ጀምሮ ሩዙም ሻዩም ጨው ጨው ይለኛል ስትል፣ ቤተሰቡ «የስኳር ልጅ» እያለ ሲስቅባት ኖሯል።

«እጄ አንድ ቀን ስቶ አያውቅም፣ ሰማሽ?» ሞይሙና ራሷ ትቀምሰዋለች። ስኳሩ ይጣፍጣል እንጂ ጨውማ የታለ? እንዲያውም ጥዋት አነሰው ብላ ቁንጥሯን ከፍ አድርጋለች።

«እጅዎ አልሳተም። ውሃው ነው።» ፓሩል ወደ ኩሬው ትጠቁማለች። «ባሕሩን የሚያግደው ግድብ ከፈረሰ ወዲህ፣ ዙሪያችን በጨው ውሃ የሚኖረው ሽሪምፕ ማርቢያ ከሆነ ወዲህ የኩሬው ውሃ ምንም ሳይገባበት ጨው ነው። እርስዎ ለምደውት ነው፣ እማ!»

«ወይ ጉድ! ተወልጄ ያረጀሁበትን ውሃ አንቺ ልታስተምሪኝ?»

ፓሩል ጥዋት የኩሬው ውሃ ብቻ የፈላበትን ድስት ታመጣለች። ዳር ዳሩን ነጭ ነገር ጋግሮበታል፤ ሞይሙና አመድ ነው እያለች በየቀኑ የምትፍቀው ነው። ፓሩል በጥፍሯ ፍቃ ታነሳና፣ ምራት በአማቷ ላይ የማታደርገውን ታደርጋለች፤ ጣቷን አሮጊቷ አፍ ውስጥ ትከታለች።

ጨው ነው። ምላስ የሚለበልብ፣ የለየለት ጨው።

ሞይሙና ምድጃው አጠገብ ዘጭ ትላለች። ከንጋት ጀምሮ ስንት ኩባያ ሆነ? ልጅቷ ውሃ ውሃ እያለች ስታለቅስ በጨው ላይ ጨው ስትግታት ነው የዋለችው።

«ምነው አፈር በበላኝ!» ደረቷን ትደቃለች። «እኔው በእጄ ገደልኳት!»

«ገና አልሞተችም!» ፓሩል ትጮኻለች። «ውሃ ነው የቸገረን፣ እማ! ጨው የሌለው ውሃ!»

ዝናብ ከጠፋ ወራት አልፏል፤ የጎረቤቱ ጋን ሁሉ ተሟጦ ተደፍቷል። የቀረው የት እንዳለ ሁለቱም ያውቃሉ። ፓሩል ወደ አልጋው ስር ላለማየት ዓይኗን ልጇ ላይ ተክላለች። እዚያ፣ አፉ በጨርቅና በጭቃ የተደፈነ ገንቦ አለ። የዚህ መንደር አሮጊቶች ሬሳቸው የሚታጠብበትን የዝናብ ውሃ በቁማቸው ያስቀምጣሉ። ሞይሙናም «በጨው ኖሬ በጨው አልታጠብም» ብላ ልጇን ኢድሪስን አስምላዋለች። ያን ገንቦ ስጪኝ ማለት ቶሎ ሙቺልኝ ማለት ነው፤ ምራት ደግሞ እንዲህ አይወጣትም።

ሞይሙና በደረቷ ተስባ አልጋው ስር ትገባለች። ገንቦውን ጎትታ ታወጣና ጭቃውን በጥፍሯ ትፈነቅለዋለች። ጥፍሯ ሲሰበር እንኳ አልታወቃትም።

ያፈሉታል፤ ከዕቃ ዕቃ እየገለበጡ ያቀዘቅዙታል። ሞይሙና ስኳሩን ትጨምራለች። ጨው ማስቀመጫው ጋ ስትደርስ እጇ አየር ላይ ይቀራል።

«ይሄኛው ይፈልጋል» ትላለች ፓሩል ቀስ ብላ። «ግን ትንሽ።»

አማቷ ትቆነጥራለች። ትበጠብጣለች። ኩባያውን ወደ አፏ ታነሳና መሃል ላይ ትቆማለች። መንደሩ ሁሉ ሲያምነው የኖረው ምላስ አፏ ውስጥ የሰው ዕቃ ሆኖባታል። ቱኒ መጮኽ ትታ ማቃሰት ጀምራለች።

«አንቺ ቅመሺው» ትላለች፣ ኩባያውን ለምራቷ እየሰጠች። «እኔ አላውቅም።»

ፓሩል ትቀምሳለች። ሞይሙና አፍ አፏን ታያለች።