የውሰት ኮት

ትርሲት የአክስቷን የሠርግ ፎቶ ያበላሸችው በማሳመር ነው። በዚህ ዘመን የታደሰ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ከተለጠፈ፣ ፎቶው ላይ ያለው ሰው ከዚያ በኋላ የሚያስታውሰው አዲሱን ብቻ ነው፤ ቢሰርዙትም አይመለስም። እሷ የተቀደደውን ጥግ ያስጠገነች መስሏት ለጠፈችው። ፎቶውን ያደሰው ማሽን ግን ሟቹ የአክስቷ ባል ጋሽ ዘለቀ ለሠርጉ የተዋሱትን ሰፊ ኮት፣ ሳትጠይቀው፣ በልካቸው አጥብቦት ኖሯል።

አክስቷ እትዬ አመለወርቅ ዕድሜ ልካቸውን በዚያ ኮት ሲቀልዱ ነው የኖሩት። ዛሬ ግን የቀሚሳቸውን ጠርዝ እየዳበሱ፣ «ይቺን የዛገች መርፌ ቁልፍ ምን ብዬ ነው የምሸከማት? ጣይልኝ እስቲ» አሏት።

«ኧረ እትዬ! በሠርጉ ቀን የጋሼን እጅጌ አጥፈው የያዙባት እኮ ናት! ‹ያገባሁት ኮቱን ነው፤ ባሌን በኋላ ውስጡ ፈልጌ አገኘሁት› ይሉ አልነበር?»

እትዬ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ወይ ጉድ! ማናት ይቺ ቀልደኛ?»

ትርሲት መርፌ ቁልፏን ከቀሚሳቸው ጠርዝ ፈትታ ወሰደች።

«አንድ የማውቃት ሙሽራ ናት።»

«በይ አንድ ቀን አምጫትና ታስቀኝ።»

«እሺ እትዬ፣ አመጣታለሁ።»

መርፌ ቁልፏን ከሹራቧ አንገትጌ ሥር ቆለፈቻት። የአክስቷን ጉንጭ ሳመችና ወጥታ በሩን ዘጋች።